ቤተ መንግሥቱን ለማየት ነው

መስከረም 12፣ እሑድ

ዛሬ የሱጃን አባትና እናት ቤቴ መጡ። ከኔፓል እዚህ ሲያትል ድረስ፤ ፓታን ከሚባል ከተማ። ሱጃን ከልጄ ከኖላዊት ጋር አንድ ቢሮ ነው የሚሠራው፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩበት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጓደኛዬ ነው» ስትለኝ ኖራ፣ ጓደኛዋ ወላጆቹን አምጥቶ ሶፋዬ ላይ አስቀመጠ። አባትየው አቶ ዲነሽ ይባላል። እኩያዬ ነው። እንጨት ጠራቢ ነው፤ የቤተ መቅደስ መስኮት ይጠርባል አሉ። እናትየው ቀይ ለብሳ፣ በሳህን ፍራፍሬና ጣፋጭ ይዛ ገባች።

በእኔ በኩል አሰፋ ነበር፤ ኤርፖርት አብረን የመንገደኛ ሻትል የምንነዳው፣ ሚዜዬም የነበረው። አቶ ዲነሽ ብዙ አልተናገረም። «ልጅህን ለልጃችን እንፈልጋታለን። ቤታችን ቤቷ ነው» አለ። እኔም እንደ ወጉ መለስኩ። «ሰምተናል። ልጃችን ገና ናት። እንመካከርበታለን፤ ደግማችሁ ኑ።» አሰፋም ራሱን በከባዱ ነቀነቀ። በአንድ ቀን እሺ ተብሎ የሚሰጥ ልጅ የለም፤ ተመላልሰው ሲለምኑ ነው ክብሩ። ሥራዬ የምትባለውን ባለቤቴን (ነፍሷን ይማርና) ያገኘኋት አባቷ ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ ከመለሱ በኋላ ነው።

ሻይ ጠጡ፤ አመስግነው ሄዱ። ኖላዊት ብርጭቆ አጠበች። ደህና ሰዎች ይመስላሉ።

መስከረም 15፣ ረቡዕ

አልደወሉም። ገና ነው።

መስከረም 20፣ ሰኞ

ኖላዊት ከሥራ ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ሄደዋል» አለችኝ።

«እነማን?»

«የሱጃን ፓረንትስ። ትልቁ በዓላቸው ስለደረሰ። እሱም አብሯቸው ሄደ።»

«ሳይመለሱ?»

«ወዴት ነው የሚመለሱት?»

«እዚህ ነዋ! ደግማችሁ ኑ ብያቸዋለሁ እኮ።»

አየችኝ። «አባዬ፣ አንተ እኮ ኖ ነው ያልካቸው» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እነሱ አገር መጀመሪያ የሚሄደው አገናኝ ነው። እምቢ የሚባልም ከሆነ ለአገናኙ ይነገራል፤ ወላጅ አይሰማውም፣ አያፍርም። ወላጅ ራሱ ፍሬ ይዞ ከመጣ ነገሩ አልቋል፤ የቀረው መመራረቅ ነው። አገናኙም ሱጃን ራሱ ነበር ለካ። እሷ እሺ ስላለችው እኔም እሺ ያልኩ መስሎት።

«ታዲያ ወጋችንን ብትነግሪያቸውስ?»

«ነገርኳቸው። ሱጃን ገብቶታል። አባቱ ግን ‹የሰውየው አፍ ኑ አለ እንጂ ዓይኑ ሂዱ ነው ያለው› ብሏል።»

የእኔን ዓይን ምን አገባው? እንጨቱን አይጠርብም!

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ዳቦ ስጠብቅ፣ ከፊቴ ያሉት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አላዩኝም።

«ልጅቷ ብትሄድ እሱን ማን ያየዋል? ብቻውን እኮ ነው።»

«እሱስ መቼ እንድትሄድ ፈለገ!»

ዳቦውን ተውኩት። ወሬኛ ሥራ አይፈታም።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጁ ክርስትና ይነሣል ወይ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲህ መጀመሪያ እሱን ነው ማወቅ» አሉኝና መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። ልክ ናቸው። ለአሰፋ፣ «ሃይማኖቱ ነው እኮ ችግሩ» አልኩት። «እሱንማ ያኔም ታውቀው ነበር» አለኝ፤ «ለምን ታዲያ ደግማችሁ ኑ አልካቸው?» አሰፋ ጥያቄ ያበዛል።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ድርብ ሽፍት። ዝናብ። ሻንጣ የረሳ ሰውዬ ጮኸብኝ፤ እኔ የረሳሁበት ይመስል። ቤት ስገባ ኖላዊት ሳሎን ናት፣ መብራት ሳታበራ። «በልተሻል?» «በልቻለሁ።» ምድጃው ላይ ያለው ድስት አልተነካም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሱጃን ፈቃዱን አራዝሟል። «አባቴን ሁለተኛ እዚያ ሶፋ ላይ አላስቀምጠውም» ብሏታል። እሷ ደግሞ ሁለቱ አባቶች ካልመረቁ አላገባም ብላለች። ይኼን ለእኔ አልነገረችኝም። ስልክ ስታወራ ነው የሰማሁት፤ ግድግዳችን ስስ ነው።

እዚህ አገር የተወለደች ልጅ፣ ለአባቷ ግማሹን በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፣ «ያለ ምርቃት አልሄድም» ስትል እኔ ምን ልበል? ልኮራ ይገባኛል። ኮርቻለሁ።

አሰፋ ቼሪ የሚባለው መንገድ ላይ ካለው የአበሻ ምግብ ቤት ቁርስ ጋበዘኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ» አለኝ። ክብር ልጨምር ብዬ የመጣውን መለስኩ ለማለት ነው። «ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ገና ናት አልክ። አልሳቅሁም፣ ጓደኛህ ስለሆንኩ።»

«ወግ ነው። አንተም ራስህን ነቅንቀሃል።»

«እኔ እንደገና የሚመጡ መስሎኝ ነው። አንተስ?»

ሒሳቡን እኔው ከፈልኩና ተነሣሁ። 

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ዛሬ ከምሳ በኋላ ኖላዊት ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳ አየኋት፤ ከኋላዋ ቆምኩ። ጡብ የተነጠፈበት ሰፊ አደባባይ ነው። በአንድ በኩል ረጅም ቤተ መንግሥት፣ ባለ ጥርብ እንጨት መስኮት። ፊት ለፊቱ ቤተ መቅደሶች ተደርድረዋል፤ ጣራቸው ሁለትም ሦስትም ሆኖ የተደራረበ፣ ወደ ላይ እያነሰ የሚሄድ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፓታን። የድሮ ንጉሦቻቸው ቤት።» ጣቷን አንድ መስኮት ላይ አደረገች። «ይኼን የሱጃን አባት ነው የሠሩት። ከዓመታት በፊት በነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ይኼኛውና ይኼኛው ቤተ መቅደስ ወድቀው ነበር። ከፍርስራሹ የድሮውን እንጨት ለቅመው፣ የጎደለውን ብቻ አዲስ ጠርበው፣ መልሰው አቆሟቸው።»

«እንጨቱ ጥሩ ነው» አልኩ።

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። «እንጨቱ ጥሩ ነው!» እያለች ደጋገመችው። እናቷ ሥራዬም እንዲህ ነበር የምትስቅብኝ፤ ቃሌን መልሳ እየሰጠችኝ።

ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ አለኝ። ቤተ መንግሥት ማየት ድሮም እወዳለሁ። ጎንደርን አይቻለሁ። የፓታኑ ኔዋር የሚባሉት ሕዝብ ሥራ ነው፤ እንጨቱንም ጡቡንም የሚችሉበት እነሱ ናቸው አለች። ሱጃንም ከእነሱ ነው። መቼም ማየት አይከፋም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ለአሰፋ ነገርኩት። አፉን ይዞ ቀረ።

«የሴት አባት ሆነህ? ልጄን ውሰዱልኝ ልትል?»

«ማን ልለምን አለ? ቤተ መንግሥቱን ለማየት ነው የምሄደው።»

«ኧረ ባክህ! ከቡሪየን አጠገቧ ያለችው ዴ ሞይን ስሄድ ራቀኝ የምትል ሰውዬ!»

«ቅርስ ነው። የዓለም ቅርስ።»

በመጨረሻ፣ «ሂድ» አለኝ። «ከሄድክ ግን አፍህን ዘግተህ እንዳትመለስ። እኔም ለሰው አልናገርም።» ከዚያ ጉንጬን ሳመኝ፤ ሰክሮ ካልሆነ የማያደርገውን።

ለኖላዊት በእራት ሰዓት ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ፓታን? አንተ?» «ጉብኝት ነው። ሱጃን ሆቴል ይፈልግልኝ በይው፤ ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ።» «ኦኬ» አለች። ትክ ብላ አየችኝ። በኋላ መኝታ ቤቴ ገብታ ሻንጣዬ ውስጥ ሹራብ ጨመረች። «እዚያ ጠዋት ይበርዳል» አለች።

ኅዳር 27፣ ዓርብ፣ ፓታን

ደርሻለሁ። ሱጃን በሞተር ሳይክል ተቀበለኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ልጅ ወገብ ይዤ፣ በመኪናና በላም መካከል! ሦስት ጊዜ እመቤቴን ጠራሁ። «አንክል፣ ኦኬ ነህ?» ይለኛል በየመታጠፊያው። ሆቴል የሚባል ነገር የለም፤ ቤታቸው ወሰደኝ።

እናትየው በር ላይ ቆማ ግንባሬ ላይ ቀይ ነገር ልትለጥፍ ጣቷን ዘረጋች። ደነገጥኩ። «ጾም ላይ ነኝ» አልኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም። ጣቷን ሰበሰበች፤ አልተቀየመችም። «ምን ምን አትበላም?» ብላ በልጇ አስጠየቀችኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል። ጾመኛ የምታውቅ ሴት ናት፤ ምስርና የተወቀጠ ሩዝ አቀረበች፣ ጎመን በሰናፍጭ ዘይት። በላሁ። ጥሩ ነው።

አቶ ዲነሽ «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ፤ ለምን መጣህ አላለኝም። «ቤተ መንግሥታችሁን ለማየት ነው» አልኩት። «ነገ አሳይሃለሁ» አለ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

አደባባዩን አየሁት። በፎቶ ካየሁት ይሰፋል፤ ይንጫጫልም። እኔ ሙዚየም ነገር መስሎኝ ነበር። ሰው ይኖርበታል። ሽማግሌዎች በአምድ የተያዘ ጣራ ያለው መደብ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ተማሪዎች ደረጃው ላይ ይሳሳማሉ፤ እርግብ በያለበት። ከመሬት በታች የሚወርድ ደረጃ ያለው የውኃ ጉድጓድ መሳይ አለ፤ ከድንጋይ አፍ ውኃ ይፈስሳል፤ ሴቶች ጄሪካን ይሞላሉ። ንጉሥ ሞቶ ስንት ዘመኑ፣ ውኃው ግን ይሄዳል።

ከድንጋይ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ፤ እንደ ሌሎቹ ጣራው የተደራረበ አይደለም፤ ጉልላቱ ብዙ ነው፤ ጥርቡ ሁሉ ታሪክ ነው። በሩ ላይ፣ «ሂንዱ ያልሆነ አይገባም» አሉኝ። ተመስገን! እኔ ልግባ አልግባ ብዬ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነበር፤ እነሱ ገላገሉኝ።

ጣራውን ደግፈው የሚይዙት ዘመም ብለው የተተከሉ እንጨቶች ላይ አማልክት ተቀርጸዋል፤ ከታች ከታች ደግሞ የማይጻፍ ነገር። ዓይኔን አነሣሁ። አቶ ዲነሽ አይቶኝ ሳቀ። «መብረቅ እንዳይመታው ነው ይላሉ፤ መብረቅ ድንግል ናት፣ ታፍራለች» አለኝ። ወይ ጉድ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል ስብርብር ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

አንድ ምሰሶ ላይ ንጉሥ ተንበርክኮ ተቀምጧል፤ ራሱ ላይ እባብ፣ እባቡ ራስ ላይ ወፍ። ወፏ እስካልበረረች ንጉሡ ይመለሳል ይባላል አለኝ፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ መስኮት ክፍት ይተውለታል፣ ጋያው ይዘጋጅለታል።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሦስት መቶ።»

«አይመጣም።»

«አይመጣም» አለ አቶ ዲነሽ፤ መንገዱን ቀጠለ።

ዛሬ ምንም አላልኩም። ጉብኝት ነበር።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ዛሬም ምንም። የሱን መስኮት አሳየኝ። ሚስማር የለበትም፤ እንጨት በእንጨት ይቆላለፋል። ሱጃን እላይ ጣራ ሥር ካለው መወጣጫ ላይ ሆኖ ከሠራተኞች ጋር ያወራል፤ ሲያየኝ እጁን አወዛወዘ። ሲያትል ቢሮ ውስጥ ካየሁት ልጅ የደስደሱ ሌላ ነው።

እናትየው ማታ ሹራቤን አጥባ አስቀመጠች። ማን ጠይቋት?

ነገ ማታ በረራዬ ነው። ኖላዊት ቴክስት አደረገች፤ «እንዴት ነው?» ብቻ። «ቤተ መንግሥቱ ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩ። ከዚያ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ቆየሁ። ፈሪ ነህ አክሊሉ። ሌላ ስም የለውም።

ኅዳር 30፣ ሰኞ፣ ኤርፖርት ውስጥ

ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት ከአቶ ዲነሽ ጋር አደባባዩ ሄድን፣ ውኃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፤ ተጠጉልን። ሻይ ገዛልኝ፤ ወተት የሌለው ብሎ አዘዘልኝ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ቀደመኝ።

«ሱጃን እዚህ ሊቀር ነው» አለኝ። «የሲያትሉን ሥራ ሊለቅ ነው። እድሳቱ ላይ ቀጥረውታል። አሜሪካ አልመለስም ብሏል። ለልጅህ አልነገራትም። የሚነገራት ነገር ይኑር አይኑር አያውቅም።» ሻይውን ፉት አለ። «ለጉብኝት መምጣትህ ደስ ብሎናል። ዛሬ ትሄዳለህ። ቂም የለም።»

ገባኝ። ልጄን ብጠይቅላት እዚህ ነው የምትቀረው። ዝም ብል ደግሞ ማንም አይወቅሰኝም፤ ቤተ መንግሥት ላይ ነበርኩ፣ አይቼ ተመለስኩ። ሱጃን እዚህ ይቀራል፣ ኖላዊት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ይወጣላታል። ማታ ማታ የበር ቁልፏ ሲዞር እሰማለሁ። ልጄ ናት፤ ከሷ ሌላ ማንም የለኝም። ፈራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ እግሬ ነው የተነሣው።

«ተቀመጥ፣ ሻይህ ይበርዳል» አለኝ።

«አልቀመጥም።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም። እኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እሺ እስኪባል አይቀመጥም።» እጄን አጣምሬ ቆምኩ፤ ነጠላ ያጣፋሁ ይመስል። «ቤቴ ስትመጣ ደግመህ ና አልኩህ። አልመጣህም። ሶ፣ እኔ መጣሁ። ልጄ ልጅህን ትወደዋለች። ልጅቷን ስጡኝ ብለህ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልጅህን ስጠኝ ነው የምልህ።»

ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዱ ለአንዱ ይተረጉማል። አቶ ዲነሽ ብርጭቆውን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኔን፣ ረጅም ጊዜ።

«እዚህ ነው የምትኖረው። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እዚህ አደባባይ ላይ። ያንተ አገር ሲመሽ እዚህ ይነጋል።»

«ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ!» ጮህኩ መሰለኝ፤ እርግቦቹ ተነሡ።

እሱም ተነሣ። ሁለታችንም ቆምን፤ ማን ማንን እንደሚያስቀምጥ ጠፋን። ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ «እሺ» አለ በእኛው ቋንቋ፤ ሱጃን ያስተማረው ይሆናል፣ ወይም ቤቴ የመጣ ጊዜ ሊሰማው ጠብቆት የነበረው ቃል ነው። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝ። ሻይው በርዷል። ጠጣሁት።

እናትየው ስትሰማ አለቀሰች፤ ቀዩንም ግንባሬ ላይ አደረገች፤ አሁን አልከለከልኳትም። ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ሁሉም ያየኛል። ይይ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ሲያትል። ሱጃን ሁሉንም ነግሯታል፣ መቅረቱንም። ስትቀበለኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ከኋላችን መኪና ጥሩንባ ይነፋል። «ፓርክ ማድረግ አይፈቀድም እዚህ» አልኳት።

አባ ጉዳዩን ሰምተው አኩርፈዋል። ልጁ ትምህርቱን ይማራል፣ ጊዜ ይስጡን አልኳቸው። «እናያለን» አሉ።

ጥር 18፣ እሑድ

ነገ ትሄዳለች፤ ቤት ሊያዩ፣ ሥራ ልትጠይቅ። እኔ ለሠርጉ እከተላለሁ። አሰፋም እመጣለሁ ብሏል፤ «ሞተር ሳይክል ላይ ግን አልወጣም» ብሎ።

ዛሬ አብረን ሻንጣ ስናዘጋጅ ዋልን። ድንገት እጇን አቁማ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ኦኔስት ሁንልኝ» አለች።

«ምን?»

«ያን ቀን ስትጠይቃቸው፣ ሱጃን እዚያ እንደሚቀር ታውቅ ነበር?»

ፊቷን አየሁት። አውቅ ነበር ብላት ሻንጣውን እንደምትፈታው አወቅሁ።

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

እፎይ አለች። ከዚያ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ፣ «ና ተጫንልኝ» አለችኝ፤ ተጫንኩላት፤ ዚፑን ዘጋችው።